ለፈረሰኛ የተደረተ ተነፋነፍ

እንጅባራ ላይ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ከብርድ ጋር ሽርክና ገብቷል ማለት ነው። ብርዱ ይሠራል፣ እኔ እበላለሁ። ከቆላ ለሚመጣ ደንበኛ፣ «እዚህ አገር ድመት አይጥ የምታባርረው ርቧት እንዳይመስልህ፤ እንዲሞቃት ነው» እለዋለሁ። ይስቃል። የሳቀ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ገበያው ውስጥ ብዙዎቹ የሚያውቁኝ በቀልዴ ነው፤ ልብስ ሰፊ መሆኔ ትዝ የሚላቸው ሱሪያቸው ሲተረተር ብቻ ነው።

አባቴ ግን በቀልዴ ስቀው አያውቁም። እሳቸው ፈረሰኛ ነበሩ። በእኛ አገር ፈረሰኛ ማለት ፈረስ ያለው ሰው ማለት አይደለም፤ ድንች የሚጭንም ፈረስ አለው። ፈረሰኛ ማለት ሠርግ ሲሆን ሙሽራ የሚያጅብ፣ ለቅሶ ሲሆን ፈረሱን ሸልሞ ሜዳ የሚወጣ፣ በጥር ደግሞ ከየወረዳው ፈረሰኛው ሲሰበሰብ በሰልፉ ውስጥ የራሱ ቦታ ያለው ሰው ነው። የአባቴ ቦታ ከፊተኛው ረድፍ፣ በቀኝ በኩል ነበር። በእሳቸው ሰልፍ ቦታ አይሸጥም፣ አይወረስም። ባለቤቱ ሲበቃው ፈረሱ ላይ ሆኖ ለሰልፉ አለቃ «ይብቃኝ» ይላል፤ አለቃው ደግሞ ለሚገባው ይሰጠዋል። ባለቤቱ ሳይሰናበት ከቀረ ረድፉ ክፍተቱን ይዞ ይሰለፋል፤ አላፊ አግዳሚውም «ያ የማን ነበር?» ይላል። እኔ ልጃቸው ፈረስ የምወጣው ፈረሱ ተኝቶ ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ የቦታው ነገር እንደማይመለከተኝ ገና በልጅነቴ ተረድተውት ነበር።

በሽታው የገባባቸው በክረምት ነው። ባሕር ዳር ድረስ ወስደን አስመረመርናቸው፤ «ቤታቸው ይሁኑ» ተብለን ተመለስን። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናቴም እኔም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ ሥጋቸው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ሄደ። እኔ ሰው የምለካ ሰው ነኝ፤ ጠያቂው «ትንሽ ከሳ ብለዋል» ሲል እኔ በሜትሬ አውቀው ነበር።

ቤት ድረስ እየመጣች የምታያቸው ነርስ አንድ ቀን እናቴንና እኔን ወደ ደጅ ጠራችን።

«መቀመጫቸው ላይ ቆዳው ሳስቷል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንዴ ከተላጠ አይሽርም። ከበሽታው ይልቅ የሚያስፈራኝ ቁስሉ ነው። ጠንካራ ነገር ላይ እንዳይቀመጡ አደራ።»

ያን ሰሞን ታኅሣሥ ነበር። አባቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ «ለፈረሱ ገብስ ጨምሩለት» አሉ።

«ለምን?» አለች እናቴ።

«ጥር ደረሰ።»

«አንቱ ሰው፣ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶዎት ኮርቻ ላይ?»

«ወንበር የትም አይወስደኝም» አሉ አባቴ። «ሜዳ ወጥቼ ቦታዬን አስረክባለሁ። ከአልጋ ላይ ቦታ አይሰጥም። እኔ እዚህ ተኝቼ፣ እነዚያ ባዶውን ቦታ እያዩ ከንፈር ሲመጥጡልኝ አልሰማም።»

እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔም፣ የለመደብኝ ነው፣ «ኮርቻው ላይ ትራስ እናድርግበታ!» አልኩ።

«አዎ» አሉ አባቴ። «ከዚያ ብርድ ልብስም አልብሱኝና እዚያው ልተኛ። ትራስ ላይ የሚቀመጥ ፈረሰኛ! ፈረሱስ ምን ይለኛል?»

እምቢ ማለት የሚቻለው ሰው አልነበሩም። ስለዚህ እናትና ልጅ ደጅ ወጥተን ተማከርን። ትራሱ ከኮርቻው ላይ የማይሆን ከሆነ ከሱሪው ውስጥ ይሁን ተባባልን። ለዚህ የሚሆነው ሱሪ ደግሞ አለ፤ ተነፋነፍ። ከወገብ እስከ ጉልበት ሰፍቶ የሚነፋ፣ ከጉልበት በታች እግር ላይ ጥብቅ የሚል የድሮ ፈረሰኞች ሱሪ ነው። የአባቴ ተነፋነፍ ውስጥ ሙክት ደብቆ ኬላ ማሳለፍ ይቻላል፤ ሙክቱ ካልጮኸ ማንም አይነቃም።

እኔ ሙያተኛው ተቻኮልኩና ሠራሁት። ካኪ ቆርጬ፣ ገበር አድርጌለት፣ በመካከሉ ሁለት ጣት የሚያህል ስፖንጅ ከትቼ፣ እንደ ብርድ ጃኬት አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጌ በመኪና ሰፋሁት። ያን ሱሪ ያየ ሰው ልብስ ሰፊ ሳይሆን መሐንዲስ የሠራው ይለዋል። ማታውኑ የገብስ ጆንያ አጋድመን ኮርቻውን ጫንንበትና አባቴን ደግፈን አወጣናቸው።

ገና ከመቀመጣቸው ስፖንጁ ከሥራቸው ሸሽቶ ወደ ወገባቸው ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወደ ኋላ እየዳሰሱ። «ጅራት ነው የሰፋህልኝ?»

ስህተቱ ወዲያው ገባኝ። ቆመው ነበር የለካኋቸው። በሥራዬ ሁሉም ሰው የሚለካው ቆሞ ነው፤ ሰው ግን ቆሞ አይጋልብም። የፈረሰኛ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ ከሰፈር ቢሰማ ኖሮ ስሜን የሰማ ፈረስ ሁሉ ያንኮራፋ ነበር። የባሰው ግን ሱሪውን ስናወልቅላቸው ነው። የመኪናው ስፌት መስመር በመስመር ቆዳቸው ላይ ቀልቶ ታትሟል። ለጥቂት ጊዜ ነው የተቀመጡት፤ ዳገት የለ፣ ግልቢያ የለ፣ ፈረሱ ጆንያ ነው።

እናቴ መስመሮቹን በጣቷ ሳትነካ በዓይኗ ተከተለቻቸው። ሱሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት።

«መኪናህ ጨርቅ እንጂ ሰው አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ በሩን አየት አድርጋ በሹክሹክታ፣ «የሚሆነው ድሪቶ ነው» አለች።

ዛሬ ድሪቶ ስድብ ነው። የማይረባ ሥራ ያየ ሰው «ድሪቶ» ይላል፤ ንግግሩ የተዘበራረቀበትንም ሰው እንዲሁ ይላል። ስድብ ከመሆኑ በፊት ግን ሙያ ነበር። አንድ ክንድ አቡጀዲ ነጋዴ በአጋሰስ ጭኖ በሚያመጣበት ዘመን ጨርቅ አይጣልም ነበር። ቀሚሱ ሲያልቅ የልጅ ልብስ ይሆናል፤ የልጁ ሲያልቅ ቁራጩ ይታጠብና ይቀመጣል፤ ቁራጩ ሲጠራቀም አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ በእጅ ይደረታል። በእንጅባራ ብርድ ከዚያ በላይ የሚያሞቅ ነገር የለም። ቤተሰብ ሁሉ ከሥሩ ይተኛል። ውጭ ለብሶ የወጣው ግን ድሀ ይባላል።

አባቴ ያንን ስም ያውቁታል። አባት እናት ሳይኖራቸው ዘመድ ቤት ነው ያደጉት። ልብሳቸው ድሪቶ፣ መኝታቸው ድሪቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሽራ ለማጀብ በተውሶ ፈረስ ሲወጡ ከኮርቻው ሥር የሚያነጥፉት አጥተው ያችኑ አጥፈው አነጠፏት። ጠርዟ ወጣ ብላ ታየች። የሠርጉ ሰው ከሙሽራዋ ይልቅ እሷን አየ። «ድሪቶ ጋላቢ!» ተባሉ። ስሙ ብዙ ዓመት እንደተከተላቸው እናቴ ነግራኛለች፤ እሳቸው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ሲያገቧት ግን ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣችውን ድሪቶ አይተው፣ «ይህን ዛሬውኑ አቃጥዪ፤ በእኔ ቤት ድሪቶ አይገባም» ብለዋታል። እኔም ልብስ ሰፊ እሆናለሁ ስል የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አዲስ ጨርቅ ስፋ።»

«ታዲያ እንዴት ይለብሱታል?» አልኳት እናቴን።

«ከውስጥ ነው። ከላይ ካኪ ነው የሚታየው። አንተ አፍህን ያዝ እንጂ እሳቸው ምን ያውቃሉ?»

አፍህን ያዝ ለእኔ ከባድ ሥራ ነው። ግን ያዝኩ።

ለድሪቶ ያረጀ ጥጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ብርድም ላብም የጠገበ ጨርቅ። አዲስ ጨርቅ ይፈገፍጋል። በማግስቱ ከሱቄ ጎን ጨርቅ ወደሚሸጠው ጓደኛዬ ሄድኩ። ከአባቱ የወረሰው ሱቅ ነው፤ ለጁምዓ ሲዘጋው እኔ እጠብቅለታለሁ፣ እሱ ደግሞ ስለ እኔ በሌለሁበት ያወራልኛል።

«ጥጥ?» አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ወርቅ ብትጠይቀኝ ይሻላል።»

«አሮጌ ጥጥ ነው የምፈልገው።»

«እሱማ ጭራሽ የለም! የዛሬ ጨርቅ መቼ ያረጃል? በወጣትነቱ ነው የሚሞተው።» ከዚያ ፊቴን አየት አድርጎ ቀልዱን ተወው። «ለጋሼ ነው አይደል?»

«ለሳቸው ነው።»

«ወላሂ ቢኖረኝ የለበስኩትን አወልቅልህ ነበር። ግን እሱም ፖሊስተር ነው።»

ሰልባጁንም ዞርን፤ የሚያንሸራትት፣ ላብ የማይመጥ፣ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ሁሉ። አዘና ገበያ የምትሄድ ሴት ጠይቂልን አልናት፤ ባዶ እጇን መጣች። እኔ ለአገር ሁሉ እያለበስኩ አንዲት ያረጀች ጥጥ ማጣቴ አሳፈረኝ። እናቴ ሱቄ መጥታ ሳለች ይህን ስነግራት እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «አለኝ» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ድሪቶው። አላቃጠልኩትም።»

«እና የት ነው ያለው?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋች። «መጀመሪያ መደቡ ላይ ከቆዳው ሥር አነጠፍኩት። አልጋ ስንገዛ ከፍራሹ ሥር አደረግሁት። አባትህ ከተጋባን ጀምሮ የተኙት እዚያ ላይ ነው።»

እኔ ሳቄን ለመያዝ መቀሴን ነከስኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ጀርባቸውን ይብርዳቸው ነበር» አለች። «ምን ላድርግ?»

አባቴ ደጅ ፀሐይ በሚሞቁበት ሰዓት ከፍራሹ ሥር አውጥታ፣ በጆንያ ጠቅልላ፣ በባጃጅ ሱቄ ድረስ አመጣችው። የባጃጁ ልጅ ሲያወርደው ወገቡን ይዞ፣ «እማማ፣ ምን ጭነውብኝ ነው? ሰው ነው እንዴ?» አላት። «ሙሽራ ናት» ብላው ገባች።

ያን ድሪቶ መጋረጃ ዘግተን ስንተረትረው ጓደኛዬም ነበር። እኔ በሕይወቴ ብዙ ልብስ ተርትሬያለሁ፤ ሰው የተረተርኩ የመሰለኝ ግን ያን ቀን ነው። ላይኛው ሽፋን የእናቴ እናት ቀሚስ ነበር፤ አበባው ጠፍቶ ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል። ጓደኛዬ አነሣና ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው።

«ይሄ ከአባቴ ሱቅ የወጣ ነው» አለ። «ይቺን ቅጠል አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ ጣቃው ላይ እተኛበት ነበር።» መልሶ አጣጥፎ አስቀመጠው።

ከሥሩ አቡጀዲ መጣ፤ ከአቡጀዲው ሥር የዱቄት ከረጢት፤ ከዚያ ሥር የወታደር ካኪ። ካኪው የእናቴ ወንድም ከጦር ሜዳ ለብሶት የተመለሰው ነው። ዓይኔ አይየው አለ፤ ጨርቅ ደግሞ አይጣልም፤ ስለዚህ የማይታይበት ቦታ፣ ከመሀል ደረቱት። ከሁሉም ሥር በእጅ የተፈተለ ወፍራም ጥጥ ወጣ፤ የማን ጋቢ እንደነበር እናቴም አታውቅም። ስፌቱን ግን እኔ አነበብኩት። አንዲት ሴት በችኮላ፣ በሰፋፊው ሰፍታለች፤ ምናልባት ልጅ ያለቅስባት ነበር። ሌላዋ ከጎኗ ጥንቅቅ ብላለች። አንዷ ግራኝ ናት፤ ክሩ ወደዚያ ያዘነብላል። ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ እጃቸው ግን አለ።

የቀረው መለካቱ ነበር። እናቴ የዚህን ዘዴ ያሰበችው ምድጃ ስትጠርግ ነው። ከአዲስ ቅዳም የመጣ ከሰል ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ፣ ኮርቻውን በዱቄቱ ቀባችው። አባቴን ነጭ አቡጀዲ አልብሰን፣ ደግፈን ጆንያው ፈረስ ላይ አስቀመጥናቸው። እጃቸውን ልጓም እንደያዘ ሰው ዘረጉ፤ ወገባቸውን አቀኑ።

«አሁን እንደሚጋልቡ ይሁኑ» አለቻቸው።

«ጆንያ እንዴት ይጋለባል?»

«እርስዎ ያልጋለቡት ምን አለ?»

ትንሽ ወደፊት አሉ፣ ትንሽ ወደኋላ። ካወረድናቸው በኋላ ጀርባቸውን ለማየት አንገታቸውን አዙረው፣ «ከሰል ሻጭ አደረጋችሁኝ» አሉ። ለአባቴ ይህ ትልቅ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን አቡጀዲው ላይ አድርጌ ሳልስቅ አለፈኝ።

ሁለት ጥቁር ነጥብ ነበር። የጤነኛ ሰው መቀመጫ ሰፊ ጥላ ይጥላል፤ የእሳቸው ሁለት ነጥብ፣ እያንዳንዱ የሽምብራ እሸት የሚያህል። ከዚያ ውጭ አቡጀዲው እንደነጣ ነው። እናቴ አቡጀዲውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ብዙ ጊዜ አየችው። ባሕር ዳር ያልጠየቅነውን ነገር ያን ጊዜ ያነበበች ይመስለኛል። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር ብላ፣ ለእኔ አልነበረም፣ መርፌዋን አነሣች።

እኔ ስፌት የተማርኩት በመኪና ነው፤ መደረት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሁለቱ ነጥቦች ባሉበት ስፌት አያልፍም። ንብርብሩ እዚያ ይወፍራል፣ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይሄዳል፣ እንጂ እንደ ደረጃ አይቆረጥም። የላይኛው ጨርቅ መጋጠሚያ ከሥረኛው መጋጠሚያ ላይ አይውልም። ቋጠሮ ከውጭም ከውስጥም አይቀመጥም፤ በንብርብሩ መሀል ይቀበራል። እኔ ክሩን ሳብ ሳደርግ እጄን በመርፌው ጀርባ መታ ታደርገኛለች።

«ላላ አድርገው! ከሳብኸው ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ ይወጋል።»

«በመኪና ቢሆን ጥብቅ ያለው ነው የሚከበረው።»

«አባትህ መኪና አይደሉም።»

ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ማየት አያስፈልጋትም፤ ጨርቁን በጉንጯ እየነካች ታውቀዋለች። ወፍራም የመሰላትን ትተረትራለች። የጥር ወር ገብቶ ሜዳው ላይ ባንዲራ ሲተከል እኛ ገና ግራውን ጎን እየደረትን ነበር። ከላይ ያንኑ ካኪ አለበስኩት። ሲያልቅ ከውጭ ለሚያየው ተነፋነፍ ነው፤ እንደ ማንኛውም ፈረሰኛ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት እናቴና እኔ አባቴን አጥበን ለማልበስ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥናቸው። እግራቸውን ከተቱ፤ ደግፈናቸው ቆሙ፤ ሱሪው ወገባቸው ላይ ደረሰ። ቁልፉን ከመቆለፌ በፊት እጃቸውን ከኋላ ወደ ውስጥ አስገቡ። ጣቶቻቸው ገበሩ ላይ ቀስ ብለው ሄዱ፣ ቆሙ፣ እንደገና ሄዱ። ላላ ያለውን ረጅሙን ስፌት እየተከተሉ ነበር። እኔ ቀልድ ፈለግሁ፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ቀልድ አጥቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ አጣሁ። አሁን አውልቁት ይላሉ፣ አልጋቸው ላይ ይወጣሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ነገሩ ሁሉ አለቀ ብዬ ጠበቅሁ።

«የት አቆየሽው?» አሏት እናቴን።

«ከሥርዎ» አለች። «ሲተኙበት ነው የኖሩት።»

ከደጅ ፈረሱ ሰኮናውን ሲመታ ይሰማል። አባቴ እጃቸውን አወጡና መዳፋቸውን አዩት፤ ምን እንደፈለጉበት እንጃ።

«ሁሉንም ዓመት?»

«ሁሉንም።»

«አንድም ቀን አልቆረቆረኝም» አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ «ቁልፈው። ሰዓት ሄዷል» አሉኝ።

ከደጁ የድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈን ፈረሱ ላይ አወጣናቸው። የፈረሱ ጌጥ ልብስ፣ ግላሱ፣ ያበራል፣ በርኖሳቸው ትከሻቸውን ሞልቶታል። እኔ ልጓሙን ይዤ በእግሬ እስከ ሜዳው ጠርዝ ወሰድኳቸው። በየመንገዱ ባጃጆች ጥግ ይዘው ያሳልፉን ነበር። ሜዳው ጫፍ ስንደርስ ወደ ታች ሳያዩኝ፣ «ልቀቅ» አሉኝ። ለቀቅኩ።

ረድፉ ተሰልፏል። በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ አለ። የሰልፉ አለቃ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያዩአቸው ፈረሳቸውን አዙረው መጡ።

«ኧረ አንተ! ሞቷል ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው፣ ጭራሽ ወፍረሃል!»

«ሚስቴ ናት ያወፈረችኝ» አሉ አባቴ።

«እኔንም ላከኝ ወደሷ!»

በረድፉ ያለው ሁሉ ሳቀ። አባቴም። እኔ ግን ሰው መሀል ቆሜ የዚያን ሱሪ ወፍረት ንብርብር በንብርብር አውቀዋለሁ፤ የቀሚሱን፣ የካኪውን፣ የከረጢቱን። ሕዝቡ ወፍረዋል ሲል እኔ ከጨርቁ ሥር ያለውን እያየሁ ነበር።

እዚህ ላይ፣ ለሚያውቁኝ ሰዎች ስል፣ ምንም አልጨምርም። በሌላ ቀን ቢሆን አባቴ አዘና ድረስ በረው ተመለሱ እል ነበር። መጀመሪያ ረድፉ በእርምጃ ሜዳውን ዞረ። ከዚያ አለቃው ጭራቸውን ሲያነሡ ፈረሶቹ ሮጡ። የአባቴ ፈረስ ጆሮውን አስተኝቶ ጌታውን ጠበቀ። ልጓሙን ሳብ አድርገው ሊያቆሙት ይችሉ ነበር፤ አንገቱ ላይ ለቀቁለት። ከባንዲራው እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ሄዱ፤ ሶምሶማ ነው፣ ግልቢያ አልነበረም። ወገባቸው አልጎበጠም። ከባሕር ዛፎቹ ሲመለሱ ከአለቃው ጎን ቆመው አንድ ቃል ሲናገሩ አየሁ። ከሩቅ ስለሆነ አልሰማሁም፤ ግን ቃሉ አንድ ነው። አለቃው እጃቸውን ዘርግተው የአባቴን ፈረስ አንገት ነኩና ወደ ረድፉ ተመለሱ።

እንደገና ልጓሙን ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸው። ሁለታችንም የምናስበው ነርሷ የፈራችውን ቁስል ይመስለኛል። እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ከሜዳው የመጣ ሰው ሁሉ ባለቤቷ እንደጋለቡ ነግሯታል፤ እሷ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነው። ለመውረድ እግራቸውን ማንሣት አቃታቸው። ካቡ ጋ አስጠግቼ በሁለት እጄ አቀፍኳቸውና ተሸክሜ ገባሁ። ልብስ ተሸክሜ ኖሬያለሁ፤ የጨርቅ ክብደት በክንዴ አውቃለሁ። ከሰውየው ይልቅ ሱሪው ይከብድ ነበር።

በጎናቸው አስተኛናቸው። እናቴ ሱሪውን ቀስ ብላ አወለቀች፤ በሩ በኩል ብርሃን እንዲገባ መጋረጃውን ግለጥ አለችኝ። ጎንበስ ብላ አየች። መነጽሯን ፈልጌ ሰጠኋት፤ እንደገና አየች። ከሰሉ ያሳየንን ሁለቱንም ቦታ በመዳፏ ጀርባ ነካች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መጠየቅ ፈራሁ።

«አልቆሰለም» አለች። «ቀላ እንኳ አላለም።»

ይህንኑ ለአባቴ በአዊኛ ደገመችላቸው። አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አላልኩሽም?» አሉ፤ ሁሉንም ነገር ብቻቸውን እንደሠሩት።

«ብለውኛል» አለች እናቴ። ብርድ ልብሱን አልብሳቸው ከጎናቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። ፈረሱ ኮርቻው እንደተጫነበት ቆሞ ነበር፤ ሁላችንም ረስተነዋል። ግላሱን አውልቄ አጣጠፍኩት፣ ቀበቶውን ፈታሁ፣ ኮርቻውን አወረድኩ። ጀርባው በላብ ርሶ ይተን ነበር። ብርዱ ሳይመታው ከግርግሙ ጭድ አንሥቼ እስኪደርቅ ድረስ አሸሁለት።